ሰባት ቤት በኮሪያኛ

ሰው በስልሳ ሁለት ዓመቱ ምን ይማራል? ጸሎት ይማራል። ቀስ ብሎ ደረጃ መውረድ ይማራል። ጥርስ በቀረበት በኩል ማኘክ ይማራል። እኔ ግን በስልሳ ሁለት ዓመቴ፣ በአሰላ ከተማ፣ ሴቶች ጸጉር ቤት ውስጥ፣ ካስክ ከደፉ ሦስት እመቤቶች አጠገብ ተቀምጬ ኮሪያኛ ተምሬያለሁ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ንገሩኝና እቀጥላለሁ።

ጨረሳችሁ? እሺ።

በመጀመሪያ ደረጃ እኔ መጠየቅ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጬ ሰው ስጠይቅ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስም? የአባት ስም? የአያት ስም? የትውልድ ቦታ? በመስኮቴ በኩል ያላለፈ የአርሲ ሰው ጥቂት ነው። አያቱን የማያውቅ ሲያጋጥመኝ አላዝንለትም ነበር፤ «ሂድና ቤትህ ጠይቀህ ና» ብዬ እመልሰዋለሁ። ከኦጎልቾ ድረስ መጥቶ፣ የአያቱን ስም ሊጠይቅ ወደ ኦጎልቾ የተመለሰ ሰው አለ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ታዋርደኛለች።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ልጄ ትዕግሥት ኮሪያ የሄደችው ስለ ስንዴ በሽታ ልትማር ነበር። ስንዴ እንደ ሣር በሚበቅልበት አገር ተወልዳ፣ ስለ ስንዴ ለመማር ሩዝ የሚበላ አገር መሄድ ለምን እንዳስፈለጋት ያን ጊዜም አልገባኝም፣ አሁንም አልገባኝም። ብቻ ሄደች፤ ሁለት ዓመት ተማረች፤ ሥራም ያዘች። ከዚያ አንድ እሑድ ደወለችና «አባዬ፣ ላገባ ነው» አለችኝ። ሚንሱ ይባላል። የክፍሏ ልጅ ነው። አባቱ አቶ ፓርክ የነጭ ሽንኩርት ገበሬ ናቸው፤ ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ ልጃቸውን ይዘው አሰላ ድረስ ሊመጡና ሊጠይቁን ነው።

እኔ ምን አልኩ? «ሰባት ቤት ሳይቆጠር ከዚህ ቤት ሴት ልጅ አትወጣም!»

ባለቤቴ አስካለ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ኮሪያ ያለ ሰው በየት በኩል ነው የሚዛመደን?»

«ዘመድ በማይጠበቅበት በኩል ነው የሚመጣው።»

«ባሕር ተሻግሮ?»

«ደንብ ደንብ ነው፣ አስካለ! ለአቦምሳው ሲሆን የሚሠራ፣ ለኮሪያው ሲሆን የሚቀር ደንብ የለም!»

እዚህ ላይ ስልኩ ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። «ጠይቃቸው አባዬ፣ ደስ ይላቸዋል» አለች ትዕግሥት። ደስ ይላቸዋል! ሰው ሊያስቆም የተነሳን አባት «ደስ ይላቸዋል» ይሉታል?

ግን በምን ቋንቋ? እኔ ከአማርኛና ከኦሮምኛ ሌላ የማውቀው የመዝገብ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ እሱም «የገባ» እና «የወጣ» ከሚለው አያልፍም። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁት ትዕግሥትና፣ ማወቅ ከተባለ፣ ሚንሱ ብቻ ናቸው። ሚንሱ እንኳ ከአማርኛ የሚያውቀው ሦስት ቃል ነው፤ ከሦስቱ አንዱ «ሽሮ» ነው። ደንቡ ደግሞ ይታወቃል። ሽማግሌ ሲቀመጥ ልጅቱ ጓዳ ናት፤ አትታይም፣ አትሰማም። ልጁም ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። እንግዲህ ማስተርጎም የሚችሉት ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም በደንብ ከክፍሉ የተከለከሉ ናቸው። ደንቡ ይላላ እንዳልል፣ ገና አሁን ስለ ደንብ ጮኼ ጨርሻለሁ። አስተርጓሚ ከአዲስ አበባ ይምጣ እንዳልል፣ የማላውቀውን ባዕድ በልጄ ጉዳይ መሃል ላስቀምጥ ነው?

«እንግዲያው ኮሪያኛ ልመዳ» አለች አስካለ፣ ሽንኩርቷን መልሳ እያነሳች።

አንዳንድ ሰው ቀልድ ሲነገረው ይስቃል። እኔ «እለምዳለሁ!» አልኩ። ሊመጡ ገና ስድስት ሳምንት ቀርቷቸዋል።

አሁን እናንተና እኔ ብቻ ስለሆንን እውነቱን ልናገር። የሚንሱ ሰባት ቤት ጉዳዬ አልነበረም። ትዕግሥት አንድ ልጄ ናት። ሁለት ዓመት ተምራ ትመለሳለች ብዬ አልጋዋን እንኳ ከቦታው አላነቃነቅኩም። ካገባች ግን መመለስ የሚባል የለም፤ መምጣት ብቻ ነው የሚኖረው፤ መምጣትና መመለስ ደግሞ አንድ አይደሉም። «አትሂጂ» እንዳልላት ቃሉ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። «አትሂጂ» ማለት ያቃተው አባት ደንብ ይጠቅሳል። እኔም ጠቀስኩ።

መምህሬ መዲና ናት። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ጸጉር ቤት አላት። አሰላ ውስጥ ኮሪያኛ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከእሷ ሌላ አይገኝም፤ እሷም የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ አይደለም፤ የሰው ጸጉር እየሠራች፣ ስልኳን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ ተከታታይ ፊልም በማየት ነው። ስንት ዓመት እንዳየች አላህ ይወቅ። ሱቋን ዘግታ ልታስተምረኝ ስለማትችል፣ እኔ መጥቼ በሥራ ሰዓት እንድማር ተስማማን። ተስማማን ስል፣ እሷ ተናገረች፣ እኔ ተቀመጥኩ።

«እሺ ጋሼ፣ መጀመሪያ ‹ስምህ ማን ነው› የሚለው ነው» አለችና ማበጠሪያዋን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን እንባ ሞልቶ፣ ድምጿን እያንቀጠቀጠች፦ «ኢሩሚ ሞያ?» አለች።

ደነገጥኩ። «መዲና፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። እንዲህ ነው የሚባለው።»

«ስም ለመጠየቅ ይለቀሳል?»

«ልጅቷ የጠፋ ወንድሟን ስታገኘው እንዲህ ነው ያለችው። እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የማስተምርዎ።»

አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። «ከየት መጣህ?» የሚለውን የተማርኩት በጩኸት ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ባልየው ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲገባ የተጠየቀው ነው። «ዕድሜህ ስንት ነው?» የሚለውን የተማርኩት ጠረጴዛ እየመታሁ ነው። «አባትህ ማን ነው?» ላይ ደግሞ ፊትን ወደ መስኮት ማዞር ያስፈልጋል። ካስክ ውስጥ ያሉት እመቤቶች ምንም አይሰሙም ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ለካ አሥር ደቂቃ እየቆዩ ካስኩን ቀና ያደርጉታል። «ጋሼ፣ ትንሽ ቆጣ ይበሉበት» ትላለች አንዷ። «እንባው ቀረ» ትላለች ሌላዋ። እንባው ከየት ይምጣ? እኔ ጡረተኛ ነኝ እንጂ ተዋናይ ነኝ?

በሁለተኛው ሳምንት ከመዲና ጋር ተጣላን።

«አሁን ዋናውን ላስተምርዎ» አለች። «ኮሪያዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ‹ባፕ ሞጎሶ?› ነው። በልተሃል ወይ?»

ከወንበሬ ተነሳሁ። «ይህን አልማርም!»

«ለምን?»

ለምን ትለኛለች እንዴ! እንግዳ ቤቴ ገብቶ «በልተሃል ወይ» ልለው ነው? እንግዳ አይጠየቅም፤ ይቀርብለታል። «በልተሃል ወይ» የሚል ሰው «አዎ» እንዲባልለት የሚጸልይ ቋጣሪ ነው። የጨዋ ልጅ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ባይበላ እንኳ ቢጠየቅ «በልቼ ነው የመጣሁት» ነው የሚለው። ቀርቦለትም ወዲያው አይበላም። አንድ ጊዜ «በቃኝ» ይላል፤ «በሞቴ!» ይባላል። ሁለተኛ «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል፤ «በሞቴ፣ ትንሽ!» ይባላል። በሦስተኛው ይበላል፤ ከበላም በኋላ ያልራበው ይመስላል። ጨዋነት ማለት ይሄ ነው። ትዕግሥት ልጄ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ እናቷ እጅ፣ ሳትለመን በልታ አታውቅም። አስካለ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «በሞቴ» ስትል የኖረች ሴት ናት።

«ያ ረቢ! ጋሼ፣ ያለ እሱማ ሌላውን ቢያውቁት ምን ይሠራል?» አለች መዲና።

«እኔ የመጣሁት ሰባት ቤት ልጠይቅ ነው፤ ምሳ ልጠይቅ አይደለም!»

«ደግሞ ሰባት ብቻ? እኛ አርሲዎች ጋ እኮ ከብት የሚያግድ ልጅ አሥራ አምስት ይቆጥርልዎታል።» በነካ እጇ ይህንንም አከለችልኝ።

ሰባት ቤቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነበር። መዲና የምታውቀው አባት «አቦጂ»፣ አያት «ሃራቦጂ» እንደሚባል ብቻ ነው። ከአያት በላይ ያለውን ፊልሙ ውስጥ ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም የሚጣላው ከአያት በታች ነው። እኔ ግን የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፤ ቀመር አወጣሁ። አያት ማለት ሁለት ቤት ነው። የአያት አያት አራት ነው። የአያት አያት አያት ስድስት ነው። እላዩ ላይ አንድ አባት ሲጨመር ሰባት ሞላ። ሃራቦጂ፣ ሃራቦጂ፣ ሃራቦጂ፣ አቦጂ! ይህንን ሳገኝ ጸጉር ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ለራሴ አጨበጨብኩ።

በኩራት ለትዕግሥት ደውዬ አንድ በአንድ አሰማኋት። ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። «አባዬ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ‹አንተ› ነው! ለእኩያና ለታናሽ የሚባል ነው። ለእሳቸው እንዲህ ብትላቸው…» ደግማ ሳቀች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰባ ዓመት አማቼን፣ ያውም እያለቀስኩ፣ «አንተ» ስል ከርሜያለሁ ማለት ነው። በቁጣ ወደ መዲና ወረድኩ። «እርስዎ የሚለውን ለምን ደበቅሽኝ?»

«ምን ላድርግ ጋሼ? ፊልሙ ውስጥ ሰው ሁሉ የተጣላ ነው። የተጣላ ሰው እርስዎ አይባባልም!»

እንግዲህ የተማርኩትን ሁሉ መርሳት፣ ከዚያ እንደገና መማር ነበረብኝ። መርሳት ድሮ ይቀናኝ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን እሱም እምቢ አለኝ። ትዕግሥት የጨዋውን አነጋገር በስልክ ላከችልኝ፤ «ሶንግሃሚ ኦቶኬ ዴሴዮ?» ስምዎ ማን ይባላል ማለት ነው። ሳልጠይቃት ደግሞ መጨረሻ ላይ «ሺክሳ ሃሾሶዮ?» የሚለውን ጨምራበታለች፤ በልተዋል ወይ? ዘለልኩት። ዘለልኩት ብልም ጆሮ በር የለውም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ ከገበያ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ጭላሎን እያየሁ «አቦጂ ሶንግሃሚ ኦቶኬ ዴሴዮ» እላለሁ። አንድ ባለባጃጅ «ጋሼ፣ እዚህ ሰፈር የለም፤ የት ላውርድዎ?» አለኝ።

ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አስካለ እግሯን እየታጠበች እንደ ዘበት «ጥያቄውስ እሺ፤ ሲመልሱልህ ግን በምን ትሰማቸዋለህ?» አለችኝ።

ሮጬ መዲና ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ጥያቄ አስተምሪኝ ነው ያሉኝ» አለች፣ ጸጉር መተኮሷን ሳታቋርጥ። «መልስ አላሉኝም።»

ቀኑ ደረሰ። ከሲሬ የአባቴን እህት እትዬ ዘነበችን አስመጣን፤ የቤታችን ታላቅ እሳቸው ናቸው፤ ከዘጠና ቢጎድላቸው ሁለት ወይ ሦስት ነው። ከእንግዶቹ ጋር የመጣችው ትዕግሥት ጓዳ ገባች፤ በሩ ግን ገርበብ ብሎ እንደቀረ አይቻለሁ። ሚንሱ መዲና ጸጉር ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። አቶ ፓርክ ሽማግሌ ሊሆኗቸው የሚችሉ ዘመዶች ባሕር ማዶ ስለቀሩ፣ እኔው ራሴ ጎረቤቴን ኦቦ ገመቹን አውሼያቸው ነበር። ኦቦ ገመቹ የቀድሞ የትራክተር ሹፌር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል። «ለወጉ ያህል አጠገባቸው ይቀመጡላቸው» ነው ያልኳቸው።

የሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ በአንድ ጠዋት ኮሪያዊ ሆነው መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ተክለው «የመጣነው ልጃችሁን ለልጃችን ለመለመን ነው» አሉ። ልጃችን! «የእኛ ቤት በሥራ የታወቀ፣ በነጭ ሽንኩርት የተከበረ ነው» ሲሉ ደግሞ እኔ ራሴ ልቀመጥ ወይስ ልነሳ ግራ ገባኝ።

አቶ ፓርክን ግን ላገኝባቸው የፈለግሁትን ጉድለት አጣሁ። አጠር ያሉ፣ እጃቸው የገበሬ እጅ የሆነ ሰው ናቸው። ገና በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ስጦታቸውን ሲሰጡኝ ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ነው፤ ልክ እኔን አባቴ እንዳሳደገኝ ነው። ይህን ማን አስተማራቸው? ሰው ሊቆጣ ተዘጋጅቶ የሚቆጣበት ሲያጣ እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ስድስት ሳምንት የደከምኩበት ሰዓት ነው። ስማቸውን ጠየቅሁ፤ መለሱ። የአባታቸውን ጠየቅሁ፤ መለሱ። ያያታቸውን ጠየቅሁ። እስከዚህ መልካም ነበር። «ሃራቦጂ፣ ሃራቦጂ…» ብዬ ወደ ሰባተኛው ስወጣ ግን ልቤ መታ፤ ልቤ ሲመታ የመዲና ትምህርት ተነሳብኝ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ እጄ ሳላዘው ደረቴ ላይ ወጣ፤ የመጨረሻውን «አቦጂ» ያልኩት ወደ መስኮቱ ዞሬ ነው። አቶ ፓርክ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ በሐዘኔታ አንገታቸውን ደፉ። ከጓዳ የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

ከዚያ ግን ገባቸው። ፊታቸው በራ። ቦርሳቸውን ከፍተው በጨርቅ የተጠቀለለ ወፍራም መጽሐፍ አወጡ። የዘር መጽሐፍ! ከቤታቸው፣ ከኮሪያ፣ ይዘውት መጥተዋል! ጣታቸውን ከታች አስነስተው ወደ ላይ ስም መጥራት ጀመሩ። ሰባት ላይ የሚቆሙ መስሎኝ «በቃ፣ በቃ» አልኩ። «አይበቃም!» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ። የእጃቸው ጣት ሲያልቅ የእኔን እጅ ተዋሱ። «ሃያ ዘጠኝ… ሠላሳ… ሠላሳ አንድ! እንዲህ ነን እኛ!»

አቶ ፓርክ መጽሐፉን አጠፉ። ጎንበስ አሉ። ከዚያ በትህትና አንድ ነገር ጠየቁኝ። ከኮሪያኛ የሚገባኝ እኔው የምጠይቀው ብቻ ነው፤ የጠየቁኝ ደግሞ እሱኑ ነው። አቦጂ ሶንግሃሚ ኦቶኬ ዴሴዮ?

«ከበደ» አልኩ በኩራት። ቀጠሉ፤ ሃራቦጂ? «ወልደየስ።» ሦስተኛ? «ተሰማ።» አራተኛ? «ኃይሉ፤ ከመንዝ የመጣው ኃይሉ!» አምስተኛ?

አምስተኛ።

አምስተኛው ማን ነው?

እኔ ስዳር የቆጠሩልኝ አጎቴ ነበሩ። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ኃይለኛ ሳል ይዟቸው ነበር፤ ውሃ ሲመጣላቸው፣ ጀርባቸው ሲመታላቸው፣ ሳሉ ሲለቃቸው ነገሩ አልፎ እልልታ ሆነ። እኔ በሳል ያለፍኩ ሙሽራ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን ከኦጎልቾ ኦጎልቾ ያመላለስኩት እኔ፣ ሰባት አልሞላልኝም። ምን ላድርግ? ማሳል ጀመርኩ።

«አታስል!» አሉ እትዬ ዘነበች ከጥግ።

ሳሌ ባንዴ ቆመ።

«እኛ ሠላሳ አንድ ቆጠርን፤ እነሱ አራት» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ወደ አቶ ፓርክ ጠጋ ብለው፣ እኔ እንድሰማ ጮክ ብለው። «ልጃችንን ለማን እንደምንሰጥ ብንወያይበት ሳይሻል አይቀርም።»

እንዲህ የተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም፤ በኦቦ ገመቹ እንዳልል እውነታቸውን ነው።

«አምስተኛ የለውም» አሉ እትዬ ዘነበች። «አያቴ ተሰማ የነገሩኝን እናገራለሁ፤ እናንተም ስሙ። ኃይሉ ከስንቅ ጫኞች ጋር ሲመጣ ንዳድ ያዘው፤ ጓደኞቹ ሲሬ አጠገብ መንገድ ላይ ጥለውት ሄዱ። አንድ የአርሲ ሰው አገኘው። የማን ልጅ ነህ አላለውም፤ ቢለውስ በምን ቋንቋ ይመልስለታል? አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፤ ‹ኛቴታ?› አለው። በልተሃል ወይ? ኃይሉ የተባለው አልገባውም፤ ዝም ብሎ አለቀሰ። ሰውዬው ቤቱ ወስዶ ገንፎ አበላው። ሲድን እዚያው ቀረ፤ በኋላም ልጁን ዳረለት። ያቺ ልጅ የተሰማ እናት ናት። ስለ አባቱ ሲጠየቅ ኃይሉ ‹ጥለውኝ የሄዱትን አልቆጥርም› ይል ነበር። በቃ፤ የእኛ ቤት የሚጀምረው ከ‹በልተሃል ወይ› ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አጎትህም ያውቅ ነበር። የሚያሳፍር መስሎት ነው ያሳለው።»

አቶ ፓርክ አንዱንም ሳይሰሙ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በአክብሮት ይጠብቃሉ። እኔ ያወጣሁት ደንብ ክፍሉ መሃል እንደ ተገተረ ነው።

«ትዕግሥት!» ብዬ ተጣራሁ። «ነይ ውጪ! አባትሽ የሚለው ጠፍቶታል።»

ለመውጣት ጊዜ አልፈጀባትም፤ በሩ ጀርባ ነበረች። እትዬ ዘነበች ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ መሃል ላይ ድምጿ ተቆረጠ፤ ይህች ደግሞ የመዲና ተማሪ አይደለችም። አቶ ፓርክ አዳመጡና መጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከፍተው አንድ ነገር አሉ።

«የእኛም መጀመሪያው ሰውዬ ከየት እንደመጣ አይታወቅም ይላሉ» አለች ትዕግሥት። «ከእሱ በላይ ያለው ነጭ ወረቀት ነው።»

ያን ጊዜ ተነሳሁ። አልማርም ያልኩት፣ ዘልዬው ያለፍኩት፣ በጆሮዬ ሾልኮ የገባው ነገር በአፌ መጣ። ሳላለቅስ፣ ጠረጴዛ ሳልመታ፣ ወደ መስኮት ሳልዞር፦ «ሺክሳ ሃሾሶዮ?» አልኳቸው።

እሳቸውም እጃቸውን እያወናጨፉ አንድ ነገር አሉ።

«በልተናል እያሉ ነው» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ማንም ሳያስተረጉምላቸው።

አውቄያለሁ! ይህንንማ በየትኛውም ቋንቋ አውቀዋለሁ! ጭኮውን በቅቤ እንደራሰ አቀረብኩና «በሞቴ!» አልኩ። አሁንም እምቢ አሉ። «በሞቴ፣ ትንሽ!» ሦስተኛው ላይ ማንኪያውን አነሱ። ልክ በሦስተኛው! አስካለ አፏን ይዛ ቀረች። ሰውዬው ሁለት ሳህን ከበሉ በኋላ ትዕግሥትን ስለ ቃሉ ጠየቋት፤ እሷም ካልበሉ እኔ ልሙት ማለት እንደሆነ ነገረቻቸው። ለአንድ ማንኪያ ጭኮ ሰው እንደዚህ ይምላል ወይ ብለው ነው መሰለኝ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ትንሽ ማስታወሻ አውጥተው ጻፉት፤ ትዕግሥት ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው።

መረቅኋቸው። ምን ላድርግ? ሠርጉ ሆነ፤ በሳምንቱ ሄዱ። መኪናው ሲነሳ ትዕግሥትን «ምሳ ቋጥረሻል?» ብቻ አልኳት፤ ሌላው አሁንም ከጉሮሮዬ አልወጣም። ተመልሼ አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። መዲና ብታየኝ «አሁን ልክ ሆኑ» ትለኝ ነበር።

አሁን እሑድ እሑድ ትደውላለች። እኔም ሰላምታ ሳላስቀድም «ባፕ ሞጎሶ?» እላታለሁ፤ ለልጄ «አንቺ» ብል ማንም አይከሰኝም።

«በልቻለሁ አባዬ» ትለኛለች።

ውሸቷን ነው! እኔ ያሳደግኋት ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ጠይቀው «በልቻለሁ» ስትላቸው አምነው የሚያልፉ ሰዎች አገር ውስጥ ልጄ ጨዋ ሆና ልትራብብኝ ነው። ደንብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ በደንቡ የምትቀጣው እሷ። ይህን እያሰብኩ አንድ ወር ሙሉ እህል አልበላልህ ብሎኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ እንደ ልማዴ ጠየቅኋት፤ እንደ ልማዷ «በልቻለሁ» አለች። በዚህ መሃል ከጀርባዋ የሳህን ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የሽማግሌ ድምፅ፦ «ፐሞቴ!» አለ። «ጠግቤያለሁ» የምትል መሰለኝ፤ በኮሪያኛ ነው። «ፐሞቴ!» አለ እንደገና፣ ጠበቅ አድርጎ። እሷም የሆነ ነገር አለች። ሦስተኛ ጊዜ «ፐሞቴ!» ሲል፣ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ሰማሁ።

ስልኩን ለአስካለ ሰጠኋትና ወደ ውጭ ወጣሁ። ኦቦ ገመቹ አጥሩ ላይ ተደግፈው ነበር፤ «ምን ሆንክ፣ ዓይንህ ቀላ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኳቸው። «የእናንተ ሰውዬ አነጋገር ልክ አይደለም።»